ሁለቱ አዲስ ጎማዎች

ጎሚስታው ለመኪናዬ የገዛኋቸውን ሁለት አዲስ ጎማዎች ከላስቲካቸው ሲያወጣ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ከጣና የሚመጣው ነፋስ እንኳ አልወሰደልኝም።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ሩዝ የሚያመላልሱባት አሮጌ ፒካፕ ነበረቻቸው። አንድ ቀን ከይፋግ ጭነን ወደ ባሕር ዳር ስንመጣ ወረታ ላይ ሁለት ጎማ ገዙ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየወጉ፣ ጎኑን እያሸተቱ፣ ሻጩን አሰልችተው ነው የመረጡት። ሁለቱንም ከኋላ አስገጠሙ።

«የፊቶቹም እኮ ተላጭተዋል፣ ጋሽ ኑሩ» አላቸው የወረታው ጎሚስታ።

«ጭነቱ ያለው ከኋላ ነው» አሉ።

እንደ ልማዴ ጋቢና ልገባ የበሩን እጀታ ያዝሁ።

«ዛሬ ከኋላ ሩዙ ላይ ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሐሙሲት ልንደርስ ስንል አንደኛው የፊት ጎማ ፈነዳና ፒካፗ ተገለበጠች። እኔ ከጆንያዎቹ ጋር እርሻ ውስጥ ተወርውሬ ወደቅሁ፤ ክንዴ ብቻ ተላጠ። አባቴ ከጋቢናው በሕይወት አልወጡም።

አዲሶቹን ከኋላ ያስገጠሙት ለሩዙ ነበር ወይስ ለእኔ? ይኸው አርጅቼም አላወቅሁም።

«እትዬ፣ ከፊት ነው ከኋላ የምገጥማቸው?» አለኝ ጎሚስታው።

ልጄ ጋቢና ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ጎሚስታው ክሪኩን እንደያዘ ደግሞ ጠየቀኝ።