አክስቴ ሁለት ጊዜ የፈረመችበት ቀን

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። እኔ ላይ ግን አልሠራም፤ የቢሮ ባልደረቦቼ «ክብሪት» ነው የሚሉኝ። ደግ አደረግሁ! ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ያሳደገችኝን አክስቴን አጣት ነበር።

በስኳር በሽታ እግሯ ቆስሎ ከመንደሯ ከጉኑኖ አምጥተን ሶዶ አንድ ሆስፒታል አስተኝተናት ነበር። ጠዋት ቁርስ ይዤ ስገባ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቶ፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ጫማዋን ስትፈልግ አገኘኋት።

«ወዴት ነው?» አልኳት በወላይትኛ።

«ወደ ቤቴ። እግሬን ሊቆርጡት ነው። ከነእግሬ ልሙት።»

ይህን የነገረቻት አጠገቧ የተኛችው የቦዲቲ ሴት ናት። ሐኪሙማ ትናንት ወረቀት ይዞ መጥቶ በአማርኛ ብዙ አወራ፤ አክስቴ አማርኛ አትሰማም። አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ፈረመች። እኛ ዘንድ የተማረ ሰው ወረቀት ሲዘረጋ አይጠየቅም፤ ጣት ይዘረጋል። ማዳበሪያ ስትወስድም፣ ዕድር ስትገባም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ደሜ ፈላ። ወደ ነርሶቹ ክፍል ስሮጥ ግድግዳው ላይ «የታካሚ መብቶች» የሚል ማስታወቂያ አየሁ፤ ግማሹን ካላንደር ሸፍኖታል። ካላንደሩን አነሳሁትና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ታካሚ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ካልተስማማ ሰውነቱ አይቀደድም ይላል! ደግሜ አነበብኩት፤ አስታማሚው ሁሉ ኮሪደሩን ሞላው።

ያስፈረማት፣ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣው ወጣት ሐኪም ደረሰ። «እህቴ፣ እናት እኮ ፈርመዋል።»

«ምን ላይ እንደፈረመች ይጠይቋታ!»

ከዚያ፣ ይህን አልክድለትም፣ ወላይትኛ የምትችል ነርስ አስጠርቶ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሱ ሲያስረዳ ነርሷ ተረጎመችላት፤ የሚቆረጠው እግሯ አልነበረም፤ ሁለት የእግር ጣት ነው። እነሱ ካልተቆረጡ ግን ቁስሉ ወደ ላይ ወጥቶ ይገድላታል።

«ገበያ በእግሬ እሄዳለሁ?» አለች አክስቴ።

«ይሄዳሉ፣ እናቴ።»

«ለሁለት ጣት ነው ይህን ሁሉ ያለቀስኩት?» ብላ ሳቀች። አሁን ደግሞ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ በደስታ።

አዲስ ወረቀት መጣ። «መጀመሪያ የድሮውን ቅደደው» አለችው አክስቴ በነርሷ በኩል። ቀደደው። ፈረመች፤ ቀለሙን ከጣቷ ሳትጠርግ ወደ ቦዲቲዋ ሴት ዞረች።

«አንቺስ፣ ምን ላይ ነው የፈረምሽው?»