አባቴ የኖረበት የእንግሊዝ መንደር

በቀረችኝ ዕድሜ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ከዋሸሁ የነገን ፀሐይ አያሳየኝ። የሰፈራችን ሰዎች «እሱ ዝንቡን ዝሆን ያደርገዋል» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። ዝሆኑን በዓይኑ ያላየ ሰው ዝንብ ነበር ቢል አልፈርድበትም።

ልጅ ሳለሁ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ኮልፌ ከተማ አልነበረችም፤ ባሕር ዛፍ ነበረች። ዛፉ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሳ ጠዋት የወጣች ፀሐይ እኛ ደጅ የምትደርሰው ከቀትር በኋላ ነበር፣ ያውም ደክሟት። በዛፎቹ መካከል የገበሬዎች ጎጆ፣ የሸማኔዎች መደዳ ቤት፣ ራቅ ብሎ የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደወል፣ ከታች ደግሞ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ ጣሊያን የተከለው ኬላ። ኬላው ለቤታችን ከመቅረቡ የተነሳ ካራቢኜሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች ሲያስነጥሱ «ይማርህ» ልንላቸው ትንሽ ነበር የሚቀረን። እኛ ስናስልም እነሱ ይሰሙ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ቅርበት ነው።

አባቴ ጣሊያን በገባ በዓመቱ ጠመንጃውን በሣር ጠቅልሎ፣ ሣሩን አህያ ላይ ጭኖ፣ በዚያው ኬላ ፊት ለፊት እያፏጨ አልፎ ጫካ ገባ። እናቴ አስካለ እኔንና ታላቅ እህቴን በላይነሽን ታቅፋ ቀረች። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ሞተ። ይህን እኛ አናውቅም ነበር፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ያውቁ ነበር። ከገፈርሳ ማዶ ከጣሊያን ጋር ሲታኮስ ወድቆ ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል።

መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ፤ የሞተበት ሰው ይጮሃል፣ ደረቱን ይደቃል፣ አገር ሰምቶ ይደርሳል። የኛ ሽማግሌዎች በዚህ ወግ ተጨነቁ። «ከተረዳች ትጮሃለች» ተባባሉ፤ «ከጮኸች ኬላው ይሰማል። የሽፍታ ቤት ነው ብሎ ከነልጆቿ ያቃጥላታል።» ስለዚህ መርዶው ጣሊያን እስኪወጣ ይቆይ ተባለ። እስከዚያ ግን እናቴ ባሏን ፍለጋ ጫካ ለጫካ እንዳትንከራተት አንድ የሚያረጋጋት ሰው ያስፈልግ ነበርና ሥራው ለአባባ ጫንያለው ተሰጠ።

አባባ ጫንያለው በጉብዝናቸው ወራት የአንድ እንግሊዛዊ በቅሎ ጫኝ ነበሩ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ በቅሎዎቹ «ያለ ጫንያለው ባሕር አንሻገርም» ብለው ስላመፁ እሳቸውንም ይዟቸው ሄደ፣ እንደሳቸው አባባል። እዚያም በአንድ መንደር ሁለት ክረምት ኖረዋል። መርከቡ ከሚነሳበት ወደብ አላለፉም የሚሉ ክፉ ሰዎች ነበሩ። እኔ የማውቀው የነገሩንን ብቻ ነው።

አንድ ምሽት መጡና ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ኩራዙ ጭል ጭል ይላል።

«አስካለ ልጄ፣ ደስ ይበልሽ» አሉ። «ባልሽ በሱዳን ተሻግሮ ንጉሡን ተከትሎ እንግሊዝ አገር ገብቷል። ያውም እኔ የኖርኩበት መንደር!»

እናቴ ዘላ ተነሳች።

«እልል እንዳትዪ!» አሉ ቶሎ ብለው። «እልልታም ኬላ ይሰማል።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ይመጡ ጀመር። ያኔ፣ እርጥቡ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ጭሱን ዓይናችን ውስጥ እየረጨ፣ እኔ ጭንቅላቴን በላይነሽ ጉልበት ላይ ጥዬ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ ያንን መንደር እሰማ ነበር። ቤቶቹ እንደኛው ጎጆ ሣር ክዳን ናቸው፤ ግድግዳቸው ግን ድንጋይ ነው። በመካከሉ ወንዝ አለ፣ በወንዙ ላይ እንደ በሬ ሻኛ የጎበጠ ድልድይ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ ሹል ሆኖ ደመናውን ስለሚበሳው ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አያቋርጥም። በኩሬው የሚዋኙት ዳክዬዎች ጥጃ ያክላሉ።

«አባባ» ትላለች በላይነሽ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ ነበር፤ «ዳክዬው ጥጃ ካከለ እንቁላሉን ማን ይሸከመዋል?»

«ሁለት ሰው፣ በቃሬዛ።»

አባቴ በዚያ መንደር የአንድ ባላባት ፈረሶች አሳዳሪ ሆኗል። የሱፍ ካፖርት ተሰፍቶለታል። እሁድ እሁድ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደኛ አቅጣጫ ያያል። እናቴ መጀመሪያ ዝም ብላ ትሰማ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን እሷም ትጠይቅ ጀመር። ልብሱን ማን ያጥብለታል? ፆሙን ይፆማል? አንድ ቀን ደግሞ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰች፣ እኛ የማንሰማ እየመሰላት፣ «የዚያ አገር ሴቶች ያምራሉ?» አለቻቸው።

«ኧረ በሞቴ!» አሉ አባባ ጫንያለው። «ያልበሰለ ዳቦ ነው የሚመስሉት። ሲያስነጥሳቸው እንኳ ያስፈራሉ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። ኮልፌ የሚለውን ስም ሳቅ ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የሚያመጡት አሉ፤ እኔ ግን በዚያ ዘመን ከዚያች ሳቅ ሌላ ኮልፌ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ሳቋ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ አባባ ጫንያለው ገና አፋቸውን ከመክፈታቸው፣ አንድ ካራቢኜሪ ከአስተርጓሚው ጋር በሩን በእርግጫ ብሎት ገባ። ጢሙ ረጅም ከመሆኑ የተነሳ እሱ ራሱ ገና ደጅ ቆሞ ሳለ ጢሙ ነው ቀድሞ የገባው። የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«ባልሽ የት ነው? ይላል» አለ አስተርጓሚው።

እናቴ ለዚህ ቀን ያጠናችው መልስ ነበራት። «ለመንገድ ሥራ ጅማ ወርዷል፣ ጌታዬ» አለች።

«ውሸት ነው ይላል። ባልሽ ሽፍታ ነው፣ ከሽፍታ ጋር ጅብ በልቶታል ይላል።»

በላይነሽ ይህን መቻል አቃታት። እንደ ቀስት ተወርውራ መሐል ቤት ቆመች። «አባቴን ጅብ አልበላውም! እንግሊዝ አገር ነው ያለው፣ ንጉሡ ጋ! አባባን ጠይቋቸው!»

አስተርጓሚው እህቴን አያት። ራሱን ነቀነቀ፣ እንዳዘነ ሰው። ከዚያ ተረጎመው።

አባባ ጫንያለውን እየጎተቱ ወሰዷቸው። ከቀናት በኋላ ሲመለሱ ፊታቸው አብጦ እንደ ዱባ ሆኗል፣ የፊት ጥርሳቸው ረግፏል። ከወዴት ሰማህ፣ ከማን ጋር ትላላካለህ እያሉ ሲገርፏቸው የከረሙት በዚያችው ለኛ ባወሯት ተረት ነበር። «ተረት ነው» ብለው ቢምሉም ያመናቸው የለም፤ በመጨረሻ ሌላ ነገር ሲያጡባቸው ለቀቋቸው፣ እኛንም ተዉን። እሳቸው ግን ጥርሳቸውን ጣሊያን ስለራበው ለቅሞ እንደበላው ነገሩን። በዚያው ምሽት፣ ቃሉ በድዳቸው መካከል እያፏጨ፣ አባቴ አዲስ ጫማ መግዛቱን አወሩልን።

ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ በዚያ መንደር እንደ ታቦት አመነች። «ለውሸት ማን ይገረፋል?» ትል ነበር። ቀድሞ በልቧ ጥቂት ጥርጣሬ ብትይዝ እንኳ ያ ዱላ ጠርጎ አወጣላት። በላይነሽ ደግሞ ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ተረቱ ሲጀመር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛ ነበር።

ጣሊያን ወጣ። ኬላው ባዶ ቀረ፤ ፍየሎች ገቡበት። ንጉሡ ከእንግሊዝ አገር ተመለሱ ሲባል እናቴ ቤቱን በአዲስ ጭቃ አስመረገች፣ አጥሩን አሳደሰች፣ ጎረቤታችን ሸማኔው ዘንድ ሄዳ «ጋቢ ሥራልኝ» አለችው። «ወፍራም ይሁን። በዚያ ዝናብ የኖረ ሰው አጥንቱ ቀዝቅዞ ነው የሚመጣው።»

ሸማኔው መርዶውን ከደበቁት ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። ለሞተ ሰው ጋቢ ሊሠራ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ መወርወሪያው ከእጁ እየወደቀ አስቸገረው። እናቴ በየቀኑ እየመጣች «ደረሰልኝ?» ስትለው ጨነቀውና ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ «ጨርሼ ከምሰጣት እጄን ቁረጡኝ» አላቸው። እንግዲህ ከዚህ በላይ መቆየት አልተቻለም።

ጎሕ ሲቀድ መጡ። እናቴ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። የተዘቀዘቀውን ነጠላቸውን አየች፤ አየችና «ግቡ» አለች። አባባ ጫንያለው ከሁሉም ኋላ ነበሩ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት «አስካለ፣ ሰው ሟች ነው» ብለው ጀመሩ። «ባልሽ አርፏል። ካረፈም ቆይቷል።»

እናቴ እሳቸውን አላየቻቸውም። በትከሻቸው ላይ አሻግራ አባባ ጫንያለውን ነበር የምታየው።

«እዚያው መንደር ነው፣ አባባ?»

አባባ ጫንያለው እውነቱን ሊናገሩ ነበር የመጡት፤ ይህን በኋላ ነግረውኛል። አፋቸውን ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

«አዎ፣ ልጄ» አሉ።

«ማን ቀበረው?»

«መንደሩ ሁሉ ወጣ።»

«ዘንቦ ነበር?»

«ዘንቦ ነበር።»

ያኔ እናቴ ጮኸች። ያን ሁሉ ዘመን ታምቆ የኖረ ጩኸት ነበርና ሲወጣ ባሕር ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራገፉ፣ የኬላው ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሄደ፣ ገፈርሳ ውሃ ሲጠጡ የነበሩ ከብቶች ደንብረው ሆለታ ደረሱ።

ከአባቴ መቃብር እስከ ቤታችን በእግር ማለዳ የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። እናቴ እስክትሞት አልሄደችበትም፤ መኖሩን አታውቅማ። ክረምት በገባ ቁጥር ደጅ ቆማ ዝናቡን እያየች «ዛሬም እዚያ ይዘንብበታል» ትል ነበር። አባባ ጫንያለው እኔ ጎልማሳ ስሆን፣ እሳቸው አልጋ ላይ ወድቀው ሳለ፣ ቦታውን ነገሩኝ። ሄድኩ። መሬቱ ታርሶ ጤፍ በቅሎበታል። ባለ እርሻውን ብጠይቀው «እዚህ ሰው ተቀብሮ አያውቅም» አለኝ፣ ደግሞም ቸኩሎ ነበር።

ባሕር ተሻግሬ አላውቅም፤ አሁን ደግሞ አየር ጤና ድረስ ለመሄድ እንኳ ጉልበቴ እሺ አይልም። ያንን መንደር ግን ከተወለድኩበት ሰፈር ይልቅ አውቀዋለሁ። ያደግኩበት የኮልፌ ዛፍ ተቆርጦ አልቋል፣ የቤታችን ቦታ ጋራዥ ሆኗል፤ እዚያ መንደር ግን አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። አባቴን ላስበው ስፈልግ መሄጃዬ እሱ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ አባቴ የለም። ሌላ የምሄድበት መቃብር ቢኖረኝ ያንን መንደር እተወው ነበር።

ስለማልኩ አንዲት ትንሽ ነገር ላስተካክል። እናቴ አልጮኸችም። ጩኸቱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። አፏን በሰፊው ከፍታ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እሷን ተከትለው ሊጮኹ እጃቸውን ወደ ደረታቸው አንስተው ቆመዋል። እሷ ግን ኬላው ወደነበረበት ዞር ብላ አየችና አፏን መልሳ ዘጋችው።