በሁዳዴ የተወጠሩ ሦስት ከበሮዎች

ፒኜቶ በሚባለው የሮም ሰፈር፣ ከትራሙ መስመር ትንሽ ገባ ብሎ ወዳለው የዶና ሉሲያ ወርክሾፕ የገባሁ ቀን፣ እጄን የበረኪና ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር። ሮም ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ የምግብ ቤት ሳህን ማጠብ ነበር። አንዲት ያገሬ ልጅ «አገር ቤት ለደብሩ ከበሮ ትወጥር አልነበር? ከበሮ የሚሠራላት ሰው የምትፈልግ ብራዚላዊት አለች» ብላ አድራሻውን ሰጠችኝ።

ዶና ሉሲያ ከብራዚሏ ሳልቫዶር የመጡ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከእኔ የጠቆሩ ሴት ነበሩ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ የራሰ የፍየል ቆዳ አቀበሉኝ። «አሎራ፣ እስቲ አሳየኝ» አሉ። ፀጉሩን ፋቅሁ። ጠርዙን በስቼ ጠፍር ላስገባበት ስል እጄን ያዙኝ።

«ያ የእናንተ ነው። የእኛን ተመልከት።»

የእነሱ ከበሮ ረጅም ነው፤ ቆዳ ያለውም በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። ቆዳውን የብረት ቀለበት ይይዘዋል፣ ቀለበቱን ገመድ ይጎትተዋል፣ ገመዱን ደግሞ በወገቡ ዙሪያ የተመቱ የእንጨት ሽብልቆች ይወጥሩታል። ድምፁን የሚያወጣው ሽብልቁ የሚመታበት ልክ ነው። ሦስት ሆነው አብረው ይመታሉ። ትልቁ ይናገራል፣ ሁለቱ ይከተላሉ።

ለሁለት ሰዎችም ቢሆን በወርክሾፑ ማዕረግ ነበረ። መጀመሪያ ፋቂ፣ ቀጥሎ ገመድ ጎታች፣ በመጨረሻ ወጣሪ። ወጣሪ ማለት መዶሻ የሚይዘው ነው። ፋቂ ሆኜ አንድ ክረምት ከረምኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዶና ሉሲያ ይዘውኝ ይዞሩ ነበር። ከዚያ በፊት ሮም ለእኔ ቤተ ክርስቲያንና ኩሽና ነበረች። እሳቸው ሌላ ሮም አሳዩኝ፤ በድልድይ ሥር ክብ ሠርተው እየዘፈኑ በእግር የሚጋጠሙ ወጣቶች፣ በቀይ የዘንባባ ዘይት የተጠበሰ የአተር ቂጣ የሚሸጥበት የቲቡርቲና ሰፈር ጓሮ፣ የእሳቸው ቅድመ አያቶች በባርነት ከተወሰዱበት አገር የመጣ መዝሙር። መዝሙሩን እንድተረጉምላቸው ይጠይቁኛል። ከምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች አንዱንም አላውቅም። «ሲኞራ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ይልቅ ፍሎረንስ ትቀርበኛለች» ስላቸው ከልባቸው ይስቃሉ።

በሦስተኛው ዓመት መዶሻውን ያዝኩ። በዚያው ሰሞን ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ወር ቀረው። ለማደስ ኮንትራቶ፣ የተፈረመ የሥራ ውል፣ ያስፈልገኛል፤ እስከዚያ የሠራሁት በቃል ብቻ ነበር። ዶና ሉሲያ «ባሕሩ ዳር ኦስቲያ ላይ ለሚደረገው የጭፈራ በዓል ሦስት አዲስ ከበሮ አስረክበኝ። እፈርምልሃለሁ» አሉ። ካልፈረሙ ወረቀት አልባ መሆኔ ነው።

በዓሉ የዋለው የፈረንጆቹ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። የእኛ ሁዳዴ ግን ገና አልተፈታም። በሁዳዴ ከበሮ አይመታም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፣ እጄም ያውቀዋል። ቆዳውን ወጠርኩ፣ ሽብልቁን በዓይኔ ለክቼ መታሁ፣ በጣቴ ተጭኜ ጥንካሬውን አየሁ። ድምፁን ግን አልሞከርኩም።

ዶና ሉሲያ የጨፋሪዎቹን ቀሚስ እየሰፉ «ድምፃቸውስ?» አሉኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ዋሸሁ። መምታት አልችልም ብል ኮንትራቶው ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለ ጾሜ የዋሸሁት በጾም ነው፤ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ከበሮዎቹን በባቡር ኦስቲያ አደረስናቸው። ጨፋሪዎቹ አሸዋው ላይ ተሰልፈዋል፣ ሕዝቡ ከቧል። ትልቁ ከበሮ ሲመታ እንደ ባዶ ካርቶን አለ። ሁለተኛውም ተከተለው። የባሕሩ እርጥበት ያላላው መሰለኝ፤ ግን ድሮውንም ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው አላውቅም።

ዶና ሉሲያ ጭፈራውን አስቁመው ጠሩኝ። «ታዴ፣ ምታውና የላላበትን ፈልግ።»

መዶሻውን ይዤ ቆምኩ።

«ምን ሆነሃል?»

«አልችልም ሲኞራ። ጾም ላይ ነኝ። በጾማችን ከበሮ አይመታም።»

«ወርክሾፕ ውስጥስ?»

«አልመታሁም።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

ኮንትራቶዬ ባሕር ሲገባ ታየኝ። ልለምናቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አንተ ደረቅ! እናቴ ቤት በጾም ወራት ከበሮው ነጭ ጨርቅ ይለብሳል፤ ማንም አይነካውም። ይህን ነው ከእኔ የምትደብቀው? የእኔ ጾም አልቋል። ብትነግረኝ እኔ እመታልህ ነበር።»

ያን ትልቅ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አሸዋው ላይ ተንበረከኩ። «ጆሮህስ ይጾማል?»

በእኛ ዘንድ ጆሮም እንደሚጾም አውቃለሁ። ቢሆንም «ይሰማል፣ ሲኞራ» አልኩ።

እሳቸው በመዳፋቸው መቱ፣ እኔ እየሰማሁ ሽብልቁን መታሁ። ዙሪያውን አንድ በአንድ ሄድን። ሕዝቡ ጠበቀን። ሦስቱም ከበሮ ድምፁን ሲያገኝ ላቤ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጨፋሪዎቹም ገቡ።

ሰኞ ኮንትራቶውን ሰጡኝ። ፈርመውበታል። የሥራ መደቡ ላይ ግን «ፋቂ» ተብሎ ተጽፏል።

«ሲኞራ፣ ወጣሪ ነኝ እኮ።»

«ድምፁን ያልሰማኸውን ከበሮ "ጥሩ ነው" ብለህ አስረክበሃል። ወጣሪ እንዲህ አያደርግም። ቫ ቤኔ?»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አልኩ እየተናደድኩ። በዚያው ወረቀት ፔርሜሶዬን አሳደስኩ፣ ቢላዬንም ይዤ ወደ ቆዳው ተመለስኩ።

በቀጣዩ ዓመት ሁዳዴ በገባ ዕለት ጠዋት ነገርኳቸው። የእሳቸው ጾም እስኪያልቅ ሁለታችንም አንነካም፤ ከዚያ እሳቸው ይመታሉ፣ እኔ እወጥራለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሠራን።

ሳልቫዶርን ያየሁት ወርክሾፑ በገባሁ በአራተኛው ዓመት፣ ዶና ሉሲያ ይዘውኝ ሄደው ነው። ዳገቷን ወጥተን፣ ከበሮ ሠሪ ወንድማቸው በር ላይ ደረስን። ሰውየው ማንነቴን ጠየቃቸው። ዶና ሉሲያ ትከሻዬን ያዙና «ወጣሪዬ ነው» አሉት። ኮንትራቶው ላይ ያለው «ፋቂ» በ«ወጣሪ» የተለወጠው ሮም ከተመለስን በኋላ ነው።

ለዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ብቻ ነው። ያልሞከራችሁትን ዕቃ አታስረክቡ። መሞከር የማትችሉበት ምክንያት ካለ፣ ዕቃው ከእጃችሁ ሳይወጣ ለባለቤቱ ንገሩ።