ያጠረው እጅጌ

በስፌት ቤታችን «ይቅርታ» ብለን የምንጠራት ሴት አለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው ይህ ቃል ስለሆነ ስሟን ዋጠው። እግሯን ሲረግጧት ይቅርታ የምትለው እሷ ናት። አንድ ቀን በር ገጭቷት በሩን ይቅርታ ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የስፌት ማሽኔ ከእሷ ጠረጴዛ አጠገብ ስለሆነ ይህን ሁሉ እያየሁ እውላለሁ፤ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ ብዙ ጊዜ ግን ያናድደኛል።

ሥራዋ ጨርቅ መቁረጥ ነው። ድሮ ሌላ ልብስ ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለሆስፒታሎች የቀዶ ጥገና ጋዋን እንሰፋለን። አረንጓዴውን ጨርቅ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደራርባ ታነጥፋለች፤ ንድፉን ከላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምራለች፤ ከዚያ ያንን የሚጮህ የኤሌክትሪክ ቢላዋ ይዛ ድርብርቡን በአንድ ጊዜ ትቆርጠዋለች። እኛ ሰፊዎቹ ብንሳሳት ፈትተን እንደገና እንሰፋለን። እሷ ከተሳሳተች ግን ከሥር ያለው ሁሉ አብሮ ይበላሻል፤ የተቆረጠ ጨርቅ እንደ ፀጉር ተመልሶ አያድግም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆች ያሳደገችው በዚሁ ቢላዋ ነው፤ ትንሹ ገና ትምህርት ቤት ነው። እና ብትፈራ ይፈረድባታል?

አንድ ቀን ጠዋት አለቃችን ከሆስፒታል መጣና አንድ ጋዋን ጠረጴዛዋ ላይ ጣለ። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ዋና ነርስ መልሳዋለች። ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ እጅጌው ከጓንቱ ውስጥ እየወጣ የእጁ አንጓ ይራቆታል፤ በዚያች በተራቆተች ቦታ በኩል ተኝቶ ያለው ሰው ቁስል ሊመረቅዝ ይችላል። አለቃችን ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረና፣ ከምሳ በኋላ እሷም አባባም ቢሮ እንዲመጡ አዞ ሄደ።

አባባ ንድፍ አውጪያችን ናቸው። አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ጋዋኑን ያየ ሰው ሁሉ የአባባ ዓይን ነው ያሳሳተው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ይቅርታ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ቀረ።

ምሳዋን አልነካችም። መታጠቢያ ክፍል ተከትያት ስገባ ውኃው ክፍት እንደሆነ እጇን ይዛ ቆማለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ሥራ የጀመረች ሰሞን አለቃችን በጠረጴዛዋ አጠገብ ሲያልፍ የቆረጠችውን አንስቶ «ይሄ ይሰፋል፣ ከልኩ ይተርፋል» ብሏት ነበር። ያለው ይኸው ነው፤ ቆሞም አላስረዳት። ምን ያህል እንደሰፋ፣ የቱ ጋ እንደሰፋ አልጠየቀችውም። እሺ፣ ይቅርታ አለችና ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብታ መቁረጥ ያዘች። ነጩ የጠመኔ መስመር ሁልጊዜ ከቁርጥራጩ ጋር ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። በአንድ ጠርዝ ብቻ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም፤ ግን ከትከሻው ትንሽ፣ ከብብቱ ትንሽ፣ ከአንጓው ትንሽ ሲሄድ እጅጌው ያጥራል።

«ብናገር እኔን ያባርረኛል፤ ዝም ብል አባባን ያባርራቸዋል» አለችኝ።

ለሴት ልጇ ደውላላት ነበር። ልጅቷ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የሰው ቅሬታ ስትሰማ የምትውል ልጅ። «እማዬ፣ መጀመሪያ እስኪጨርስ ስሚው» አለቻት። «ያጠፋሽውን አጠፋሁ በይ፣ ያላጠፋሽውን አትሸከሚ። ያልገባሽን ጠይቂ። ይቅርታ ደግሞ አንዴ ይበቃል።» ይህን ቃል በቃል ደገመችልኝ። ለልጅቷ ማለት ቀላል ነው አልኩ በሆዴ።

የአለቃችን ቢሮ በር ከተበላሸ ቆይቷል፤ ገርበብ እንዳለ ነው የሚቀረው። እነሱ ሲገቡ የሁላችንም ማሽን በአንድ ጊዜ ክር አለቀበት።

አለቃችን የጀመረው ከአባባ ነው። ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ግን ብዙ እንደለፉ፣ አሁን ማረፍ እንደሚገባቸው፣ ዓይን ደግሞ ለሰው ሁሉ እንደሚደክም እያለ በቃል ወደ በሩ ይሸኛቸው ጀመር። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፣ መልሰው ይጠርጋሉ። ይቅርታ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ እስኪጨርስ ሰማችው። ዝም ልትል ነው ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ የአባባ ንድፍ ልክ ነው» አለች። ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብቼ ነው የምቆርጠው።»

«ለምን?»

«ይሰፋል ብለውኝ ነበር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን።»

አለቃችን ለማስታወስ ጊዜ ፈጀበት። «የዚያን ቀን ነዋ የሰፋው» አለ በመጨረሻ። «የዚያን ቀን ብቻ። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈራሁ። ይቅርታ።» አንዴ ብቻ አለችው።

ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ ከወዲሁ በዓይኔ ይታየኝ ነበር። አለቃችን ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ፤ አባባን «ይሂዱ ወደ ሥራዎ» አላቸው። የተሰፉት ጋዋኖች እጅጌ ጫፉ ላይ ረዘም ያለ መቀጠያ ጨርቅ እንዲሰፋበት ወሰነ። ቀጥሎ ወደ እሷ ዞረና ነገ አብራው ሆስፒታል ሄዳ ለዋና ነርሷ ራሷ እንድታስረዳ፣ ሆስፒታሉ የሚሰጠን ቀጣይ ሥራም በነርሷ መልስ እንደሚወሰን ነገራት። ይቅርታን አውቃታለሁ፤ ቢያባርራት ይቀላት ነበር።

ሆስፒታል የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ኮሪደሩ የመድኃኒት ሽታ አለው፣ ወለሉ ያንሸራትታል። ዋና ነርሷ ረጅም ናት፤ ንግግሯም ቁርጥ ያለ ነው። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችው ቃል ሁሉ እዚያ ስትደርስ ጠፋባት። ምላሷ ላይ የቀረው የለመደችው ቃል ነበር፤ ዋጠችው። ምን እንደምታደርግ ሲቸግራት ጋዋኑን ከነርሷ እጅ ተቀበለችና ለበሰችው፤ ሐኪም እንደሚያደርገው ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘረጋች። እጅጌው ወደ ኋላ ሸሸ።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «እስከ የት ይድረስልዎት?»

ነርሷ ቀረብ ብላ እጇን ያዘችና ከአንጓው አለፍ ብላ የመዳፉ ጀርባ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እስከዚህ» አለች። እጇን ሳትለቅም፣ «ሌላ የሚጠይቁኝ አለ?» አለቻት፣ አንቱ ብላ።

ወደ በሩ አየች፤ አለቃችን ቆሞ ይጠብቃል፤ ያኔ እሱን ሳትጠይቀው የቀረችው ትዝ አላት።

«አለ» አለች።