የዳማ ኮቴ

የእንጅባራው መምህር ትዕዛዙ ቅዳሜና እሁድ መቅረጫውን አንግቶ የአገሩን ድምፅ ሲለቅም ይውላል። ጓዳውን ስቱዲዮ ካደረገ ወዲህ የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ በኮምፒውተሩና በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ገብቶ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ። ከባለሱቅ ወዳጁ ሁለት ለሙከራ አመጣ። አንደኛው መብራቱ እንደ ሰርግ ቤት የሚያብለጨልጭ ውድ ነው፤ ሌላዋ አንድ ማዞሪያ ብቻ ያላት ርካሽ ሳጥን ናት። ልቡ ከመብራቱ ጋር ነበር።

ባለፈው ጥር የቀረጸውን የፈረሰኞች ጉዞ ከፍቶ ቤቱን ሲያናጋ ጎረቤቱ አቶ ይኸነው ገብተው ተቀመጡ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ግን ፈረስ ላይ ነው።

“ቀንሰው እስቲ ልጄ” አሉ። “ፈረስ የምንለየው ገና ከሩቅ ሲመጣ ነው።”

ቀነሰው። በውዱ መሣሪያ የቀኙ ስፒከር ድምፅ ጭራሽ ጠፋ። በርካሿ ሲሞክረው ግን ድምፁ ሹክሹክታ እስኪሆን ወርዶም ሁለቱም ጎን እኩል ተሰማ፤ ኮቴው አንድ በአንድ ይለያል።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። “ሦስተኛው ኮቴ የፈረሴ የዳማ ነው። የፊት ግራ እግሩን ቆጠብ አድርጎ ሲረግጥ አትሰማም?”

ትዕዛዙ ወደ ስፒከሩ ጠጋ አለ። ያን ቅጂ መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ ፈረስ እንጂ ዳማን ሰምቶ አያውቅም። ዳማ ክረምት ላይ ሞቷል።

ኮቴው ከግራው ስፒከር ወደ ቀኙ ሲያልፍ አቶ ይኸነው ፊታቸውን አብረው አዞሩ። ድምፁ ሲርቅም ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው።