ጌሾ ሥር የቀበርኩት ክኒን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ሰው ፊት መናገር ስለሚያሳፍረኝ፣ ሞጣ ደርሼ የተመለስኩበትን ቀን በጽሑፍ ልናገር።

የአራት ዓመት ልጃችን ማስተዋል የደም ካንሰር ታማ ሕክምና ላይ ናት። በሽታውን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሞጣ መጥተው የወላጆችን ደም እንደሚወስዱ ተነገረን። ልጅቷን ለእናቴ ትተን እኔና ባለቤቴ ይበልጣል ተነሣን።

ጠዋት፣ ከብቸና

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ገና መከፈቱ ስለነበር ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞላ። ደብረ ወርቅ ስንቆም ይበልጣል ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዛልኝ።

«ብዪ እንጂ! ደም ልትሰጪ እኮ ነው።»

ድንቹን ሳልቀምስ በፌስታል ቋጠርኩት። ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙ የደረሰ ጤፍ ነው፤ እኔ ግን የማየው ጉልበቴን ነበር። ስለ እርግዝናዬ እንደሚጠይቁኝ ገምቼ ነበር።

አራት ሰዓት፣ ሞጣ

ሆስፒታሉ ውስጥ ደማችንን ከሰጠን በኋላ አንዲት ጠና ያሉ ነርስ ቅጽ ይዘው ተቀመጡ።

«በእርግዝናሽ ጊዜ የፎሊክ አሲድ ክኒን ትወስጂ ነበር?»

ይበልጣል ቀደመኝ። «አንድም ቀን አላጓደለችም! እሷ ሰው ስለምታፍር ከጤና ጣቢያ የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ጓደኞቼማ ‹አንተ ነህ እንዴ ያረገዝከው?› እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።»

ነርሷ ሳቁ። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ፎሊክ አሲድ በጎመንና በባቄላም ያለ ቫይታሚን ነው» አሉን። «የአንዳንድ ሰው ሰውነት እንደ ሌላው አይጠቀምበትም። ከእናትና ከአባት የሚወረስ ልዩነት ነው። ከልጆች የደም ካንሰር ጋር ይገናኝ እንደሆነ ገና እያጠናን ነው። ያልተዋጠው ተውጧል ከተባለ ግን ደሙ የሚነግረንን እንስታለን፤ ለሌሎች ልጆች የምንፈልገው መልስ ይበላሻል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማርገዜን ያወቅኩት በዐቢይ ጾም ነው። ነፍሰ ጡር መሆኔን ብነግራቸው ንስሐ አባቴ ከጾሙ ይፈቱኝ ነበር፤ ለመናገር አፈርኩ። ጠዋት እንዳልውጥ ጾም፣ ማታ ስውጥ ደግሞ ያስመልሰኛል። ክኒኑን ጓሮ ጌሾው ሥር ቀበርኩት። ፋሲካ ሲያልፍም መናገሩ አሳፈረኝና መቅበሬን ቀጠልኩ። ይበልጣል በየወሩ ያመጣል፤ እኔ እቀብራለሁ።

ሰባት ሰዓት፣ መናኸሪያ

ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ተነሣሁ።

«የት ነው?» አለ ይበልጣል።

«የረሳሁት ነገር አለ።»

ተከተለኝ። ሆስፒታሉ ተመልሰን ነርሷ ቅጾቹን ሲሰበስቡ ደረስን።

«ሲስተር፣ ክኒኑን አልዋጥኩም። ቀብሬዋለሁ።»

የቅድሙን መልስ ሰርዘው ሌላ ጻፉ።

«ልጄን ያሳመማት ይኼ ነው?»

«እንዲህ ነው ሊልሽ የሚችል ሰው የለም። በየቀኑ የዋጡ እናቶች ልጆችም ታመዋል።»

ይበልጣል በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል።

ወደ ቤት

ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲበላ ይበልጣል ከመቀመጫው አልተነሣም። እኔም በመስኮት በኩል ፊቴን አዞርኩ። ለአንድ ደቂቃ ሐፍረት ብዬ የሸሸሁት ነገር ከአራት ዓመት በላይ አብሮኝ ኖሮ፣ በመጨረሻ እሱንም እንዳሳፈረው ያወቅኩት እዚያ ነው።

ቤት ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ማስተዋል ሮጣ እግሩን አቀፈችው። የመድኃኒቷ ሰዓት ስለደረሰ ብልቃጡን አነሣሁ። ይበልጣል እጁን ዘረጋ።

«አምጪው፣ እኔ ልስጣት። አንቺ ውሃውን ያዥልኝ።»