ከግድግዳው ጀርባ የቀረችው ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች አንድ ሥራ ሰጡኝ። ልጆቻቸው አማርኛ ይሰማሉ፤ የሚመልሱት ግን በስዊድንኛ ነው። ፊደል ለይተዋል፤ ራሳቸው ሊያነቡት የሚጓጉለት ታሪክ ግን አልነበራቸውም። «እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ይጻፉላቸው እንጂ» አሉኝ።

ጻፍኩ። በሸራ መርከብ ዘመን ከምጽዋ ተሳፍራ መጥታ፣ ስቶክሆልም ወደብ ላይ ከክፉ መርከበኛ ስላመለጠች ልጅ ነበር። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ትልልቅ ፊደላት፣ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ። የምንማረው ሶደርማልም በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያናችን በተከራየው አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ስለነበር፣ ተማሪዎቼን ደስ ይበላቸው ብዬ ልጅቷን እዚያው ምድር ቤት ደበቅኳት።

ከተማሪዎቹ አንዷ እኔ በምኖርበት፣ አካላ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ የሆነች የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ የማመጣትም የምመልሳትም እኔ ነኝ። ስታዳምጥ ዓይኗን አትነቅልም፤ ጮክ ብላ አንብባ ግን አታውቅም። ተራዋ ሲደርስ ወረቀቱን ለጎኗ ልጅ ታስተላልፋለች።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ጥቂት ቆይቶ፣ የስዊድን ክረምት ቀኑ አጭር ነውና መስኮቱ ጠቁሮ ሳለ፣ ወረቀቱን ሳታስተላልፍ ቀረች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ማንበብ ጀመረች።

«መርከበኛው ደረጃውን ወረደ። ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል። እሷ ግን ቀጠለች።

«በሩን በጡብ ዘጉባት። ከግድግዳው ጀርባ ቀረች።»

ያንን በእርግጥ ጽፌው ነበር። ልጆቹን ያስፈራቸዋል ብዬ፣ ደግሞም ልጅቷን እንዴት እንደማወጣት ጠፍቶኝ፣ ከኮምፒውተሬ ላይ አጠፋሁት። ብቻዬን ነው የምኖረው። ለማንም አላሳየሁም፣ ለማንም አልነገርኩም።

«የቱ ጋ ነው እሱ?» አልኳት ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብዬ።

«እዚህ» አለች በስዊድንኛ። ጣቷ ከመጨረሻው መስመር በታች፣ ባዶው ነጭ ላይ ነበር።

ያኔ ግድግዳው ተንኳኳ። በጣት አንጓ ሲያንኳኩ እንደሚሰማው ዓይነት፣ ቀስ ብሎ። ከልጆቹ አንዱ «ኤለሜንቱ ነው» አለ። ብርድ ሲገባ ማሞቂያው ድምፅ እንደሚያሰማ ሁላችንም እናውቃለን። ማሞቂያው ያለው ግን በመስኮቱ በኩል ነው። ትንሿ ጎረቤቴ ተነሥታ ሄዳ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

«መውጣት ትፈልጋለች» አለች። በአማርኛ።

ልጆቹን ጃኬታቸውን አስለብሼ ቶሎ አወጣኋቸው። የሕንፃውን ጠባቂ ደረጃው ላይ ሳገኘው ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ምን እንዳለ ጠየቅኩት።

«ዓለት ነዋ። ሕንፃው ዓለቱን ተደግፎ ነው የተሠራው።»

«ቧንቧ አያልፍበትም?»

«ምንም አያልፍበትም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡራችን ኪስታ ጣቢያ ላይ ከዋሻው ሲወጣ ትንሿ ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ ለምን እዚያ ትተዋት መጡ?»

«እንዴት እንደማወጣት አላወቅኩም፣ የኔ ልጅ።»

«እየጠበቀችዎት እኮ ነው» አለች። እጄን ይዛኝ ነበር። የእሷ እጅ ይሞቃል፤ የቀዘቀዘው የእኔ ነበር።

እኔ በእንዲህ ያለ ወሬ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም በማግስቱ ከአምልኮ ስመለስ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ልብስ አጣቢ ማንኳኳቱን ሰምታ፣ ጡቡን እየነቀለች ልጅቷን ስታወጣት ጻፍኩ። እየጸለይኩ ነበር የጻፍኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትንሿ ጎረቤቴ ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ፊቷን ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቆማ። አንድ ቦታ ላይ ተደናቀፈች፤ ልረዳት ስል በእጇ ከለከለችኝ። «ልጅቷ ወጣች» የሚለው ጋ ስትደርስ ብርድ ነገር በእግራችን ሥር አለፈ፤ ደረጃው አናት ላይ ያለው በርም ተከፍቶ ተዘጋ። ቀና ብለን ጠበቅን። የገባ ሰው የለም።

«ሄደች» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ተንኳኩቶ አያውቅም። እኔ ግን ላይኛው ፎቅ ክፍል እንዲሰጡን ጠየቅኩ፤ ሰጡን፣ ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለም። ትንሿ ጎረቤቴ አሁን ያለማንም እርዳታ ታነባለች፤ ከተጻፈው አልፋም አታውቅም። እናቷ ደስ ብሏት «ምን አድርገውላት ነው?» ስትለኝ፣ «እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ራሷ ናት» እላታለሁ።